እማዬ፣ ሐኪም ጋ ከመሄድሽ በፊት

ውድ እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

የላክሽልኝን የምርመራ ወረቀት ሁሉ አየሁት። «ምንም የለብሽም» ስላሉሽ አትዘኚ። የጠረጠርነው ፋይብሮማያልጂያ፣ ማለትም መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያምመው ሕመም፣ በራጅም በኤምአርአይም በደምም አይታይም። ሕመምን የሚመዝነው አንጎልና ነርቭ ነው፤ ሚዛኑ ሲዛባ አንዱን ኪሎ አምስት ብሎ ያነባል። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ደም የሚመረመረው ይህን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች እንዳይታለፉ ነው።

ስለዚህ ለሌላ ኤምአርአይ ገንዘብሽን አታውጪ። መጀመሪያ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ይይሽ። የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች) ሐኪም ከተገኘ እሰየው፤ ግን በአገራችን በጣም ጥቂት ስለሆኑ እነሱን ስትጠብቂ ሕክምናው አይዘግይ። ጥሩ ሐኪም መገጣጠሚያሽን በእጁ ይዳስሳል፣ ስለ እንቅልፍሽም ይጠይቃል። በሦስት ደቂቃ መርፌ አዝዞ ካሰናበተሽ ሌላ ፈልጊ።

የሚበቃሽ ምርመራ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ኢኤስአርና ሲአርፒ (የብግነት)፣ ቲኤስኤች (የታይሮይድ ዕጢ)፣ ሲኬ (የጡንቻ)፣ ስኳርና ክሪያቲኒን (የኩላሊት) ነው። አርኤፍ የሚሉት የመገጣጠሚያ ብግነት ምርመራ በጤነኛ አዛውንትም ላይ ፖዘቲቭ ሊወጣ ስለሚችል መገጣጠሚያሽ ካላበጠ ያደናግራል እንጂ አይጠቅምም።

ባንቺ ዕድሜ መታለፍ የሌለበት ፖሊማያልጂያ ሩማቲካ የሚባለው ሌላ የብግነት በሽታ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ይመጣል፤ ጠዋት ትከሻና ዳሌን ይዞ ነጠላ መጣል እንኳ እስኪያቅት ያደርሳል፣ ኢኤስአርም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። ይህኛው ፕሬድኒሶሎን በሚባለው ስቴሮይድ መድኃኒት በጥቂት ቀናት ይሻላል፤ ፋይብሮማያልጂያ ግን አይሻለውም። ስለዚህ «በሁለት ቀን ያስነሳኝ» ያልሽው መርፌ ስቴሮይድ ይሁን አይሁን ሐኪሞቹ ማወቅ አለባቸው፤ ማዘዣው ካለ ያዢው። በግንባርሽ ጎን አዲስ ራስ ምታት ከጀመረሽ፣ ስታኝኪ መንጋጋሽ ካመመሽ ወይም ዓይንሽ ከደበዘዘ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ የዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

በአንድ ወረቀት ላይ ሰው ከፊትና ከኋላ ሣይና ባለፈው ሳምንት ያመመሽን ቦታ ሁሉ አጥቁሪ። ሐኪሙ ከ19 ቦታዎች ስንቱ እንደሚያምሽ ይቆጥራል፤ ሦስት ወር መቆየቱን፣ ድካሙንና የማያሳርፍ እንቅልፍሽንም ያያል። መድኃኒቶችሽን በሙሉ በፌስታል ያዢ። የኮሌስትሮሉ መድኃኒትም ጡንቻ ሊያሳምም ይችላል፤ ግን ሳትጠይቂ አታቋርጪው።

አሚትሪፕቲሊን ካዘዙልሽ ፋርማሲው «የድብርት ነው» ቢልሽ አትደንግጪ፤ በዝቅተኛ መጠን ለሕመምና ለእንቅልፍ ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ሚሊግራም፣ ከመተኛት አንድ ሁለት ሰዓት በፊት ይጀመራል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት)፣ የልብ ችግር ወይም ሽንት አልወጣ የማለት ነገር ካለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ሌሊት ስትነሺ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁጭ በይ፤ በዚህ መድኃኒት አዛውንት የሚወድቁት ብድግ ሲሉ ነው። ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል። ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ ግን ተይው፤ ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዳም፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊትም ይጨምራል።

ከመድኃኒት ሁሉ ይበልጥ ማስረጃ ያለው እንቅስቃሴ ነው። በቀን 5 ደቂቃ በሜዳ መንገድ ሂጂ፣ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሪ። ደህና በሆንሽበት ቀን ግቢውንም ልብሱንም በአንዴ ልጨርስ አትበይ፤ በማግስቱ የሚጥልሽ እሱ ነው።

ከሐኪሙ ስትወጪ ማዘዣውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

ልጅሽ