የሚነገርለት? ማን ነው የሚናገረው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ደብረ ማርቆሱ አሮጌ ቤት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። ፎቶው ጥሩ ነው። ከፎቶው ሥር ያለችው መስመር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ፦ «በጣሊያን ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ባለቤት አልባ ቤት»። ማን ነው የሚናገረው? እኔ ከዚያ ቤት ፊት ለፊት ሱቅ ከፍቼ ስቀመጥ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድም ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጋዜጠኛችሁ ከእኔ ሱቅ ሃይላንድ ገዝቶ፣ ደጄ ላይ ቆሞ ጠጥቶ፣ ፎቶውን አንስቶ ሄደ። «እናቴ፣ ይህን ቤት ማን ሠራው?» ማለት ምን ይከብዳል?

አያቴ የዚያን ቤት ጭቃ ረግጧል። ያኔ ልጅ ነበር፤ ጎጃምን የሚገዙት ራስ ኃይሉ ነበሩ። ራስ ኃይሉ የታሰሩት በ1924 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን የገባው በ1928። ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ እስኪብላላ ስንት ቀን እንደሚረገጥ፣ እግር እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ ሲያወራን ነው ያደግነው። ደመወዙ ቆሎና ጠላ ነበር። (ጠላው ለልጅም ይሰጥ ነበር ወይ ስለው ይስቃል።)

የአያቴን ቃል ካላመናችሁ ቤቱን እዩት። መግባት አያስፈልግም፤ እኔም ከደጅ ነው የማየው። በምሥራቅ በኩል ምርጊቱ ወድቋል። ከሥሩ የወጣው ማገር በልጥ የታሰረ ነው፤ ምስማር የለበትም። ጭዱ ዛሬም ጭቃው ውስጥ ይታያል። «የአውሮፓ ስልት» ያላችሁት ሾጣጣ ጣሪያ ደግሞ መጀመሪያ የሣር ክዳን ነበር። ሣር ቁልቁል ካልተከደነ ያፈሳል። ቆርቆሮው ኋላ ሲመጣ በዚያው ላይ ተመታ። እንግዲህ ያን ስልት ያመጣው የጎጃም ክረምት ነው።

ደግሞ እናስብ። ጣሊያን የቆየው አምስት ዓመት ነው። በላይ ዘለቀና ሌሎቹ አርበኞች ገጠሩን ይዘውበት፣ እሱ ከምሽጉ ራቅ ማለት ፈርቶ ነበር። ታዲያ ያን ሁሉ ዋንዛ ከየት ጫካ አስቆርጦ ነው ሰገነት ሲያስጠርብ የነበረው? አርበኞቹ ተሸክመው አመጡለት?

ጣሊያን ምንም አልሠራም አልልም። መንገድ ሠርቷል። መርጡለ ማርያም ባለው ፍርስራሽ ላይም የኢየሱሳውያን (በፖርቱጋል በኩል የመጡት የካቶሊክ ሚስዮናውያን) እጅ እንዳለበት አልክድም። ግን ፋሲል ግንብን እንኳ ፖርቱጋል ሠራው ሲባል ኖሯል፤ ኢየሱሳውያንን ከአገር ያባረሩት ዐፄ ፋሲል! ሁለት ድንጋይ ተደራርቦ ባያችሁ ቁጥር ፈረንጅ ፍለጋ ትወጣላችሁ።

«ባለቤት አልባ» ያላችሁትም ይገርማል። በሐምሌ 1967 አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች ስለነበር ለቀበሌ ደረሰ። እኛም ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ተከራይተን ኖረናል። ጣሪያው ሲያፈስ እናቴ ቆርቆሮ ልቀይር ብላ ፈቃድ ጠየቀች። «ቅርስ ነው፤ አይነካም» ተባለች። እሺ። በሁለተኛው ክረምት ወራጁ ሲሰበር፣ ቅርስ ከሆነማ ጠግኑት ብላ ተመለሰች። «በቅርስነት አልተመዘገበም» ተባለች። እዚያው መስኮት፣ ያው ሰውዬ! ያን ክረምት ሳፋና ድስት ደርድረን ውኃ ስንቀበል ከርመን ወጣን። ያኔ ፎቶ የሚያነሳ አልመጣም። አሁን ሊወድቅ ሲል ውበት አያችሁበት።

ማረሚያ ታወጣላችሁ ብዬ እጠብቃለሁ። ጋዜጠኛውም ተመልሶ ቢመጣ ደስ ይለኛል። ፎቶው ጥግ ላይ የምትታየው ሰማያዊ ሱቅ የእኔ ናት። የሃይላንዱን መልስ አምስት ብር ሳይቀበል ሄዷል፤ አስቀምጬለታለሁ።

ባለሱቋ፣ ከደብረ ማርቆስ