ያዘዝኩት ዙሪያውን የታቀፈ ቀለበት ነበር

ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኮዬ ፈጬ

ለወርቅ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ካዘዝኩት ውጪ የተሠራው የአልማዝ ቀለበቴ እንዲስተካከልልኝ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

እኔና እጮኛዬ መስከረም 24 ቀን ሱቃችሁ መጥተን የቀለበት ትዕዛዝ ሰጥተናል። ጥቅምት 21 ቀን የተረከብነው ቀለበት ግን ያዘዝነው አይደለም። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ በቃል አስረድቻለሁ። መፍትሔ ስላላገኘሁ አሁን በጽሑፍ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እኔ የሀበሻ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ እጄ ሸማ ላይ ነው። የሸማ ፈትል ደግሞ ስስ ነው፤ ትንሽ የሻከረ ነገር ካገኘ ይያዛል። አንድ ክር ከተሳበ ጨርቁ ላይ ረጅም መስመር ያወጣል። ለዚህ ብዬ ነው የእጄን ጥፍር ሁልጊዜ አሳጥሬ፣ በሞረድ አለስልሼ የምይዘው። ስለ ቀለበት ስናወራም የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ክር ይይዛል ወይ?» የሚል ነበር። እጮኛዬ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው አብረን እንሂድና አንቺ ምረጪ» አለኝ። ወደ እናንተ የመጣነው እንዲህ ተባብለን ነው።

ሻጫችሁ የዚያን ቀን ጥሩ አድርጎ አስተናግዶናል። ይህን መካድ አልፈልግም። አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ አልማዝ ቀለበት ላይ የሚቀመጥባቸውን አሠራሮች አንድ በአንድ አሳየን። ድንጋዩን በ4 የወርቅ ጥፍር የሚይዘውን፣ በ6 የሚይዘውን፣ ዙሪያውን በጥቃቅን አልማዝ የተከበበውን፣ ድንጋዩ ወርቁ ውስጥ ሰምጦ እኩል የሚሆንበትን፣ ከዚያ ደግሞ ፈርጡን ዙሪያውን በወርቅ የሚያቅፈውን። ባለ 6 ጥፍሩን ቲፋኒ የተባለው የአሜሪካ ጌጣጌጥ ቤት በ1886 እ.ኤ.አ. እንዳስተዋወቀው ነገረን። ድንጋዩን ከቀለበቱ በላይ ከፍ የሚያደርገው ብርሃን ከጎንም እንዲገባው ነው አለን። እውነት ነው፣ ያምራል። መብራቱ ሥር ሲያዞረው ዓይኔ አብሮት ዞሯል።

ግን ነጠላዬን አወለቅኩና ጫፉን ላዩ ላይ ጎተትኩት። ያዘው። በጥቃቅን አልማዝ የተከበበውን ሞከርኩ፤ እሱም ያዘው። ዙሪያው በወርቅ የታቀፈው ላይ ሳሳልፈው ግን ነጠላው ምንም ሳይነካው ተንሸራተተ። «የኔ ይሄ ነው» አልኩ። ሻጩ ይህን ሁሉ ቆሞ አይቷል።

ያንን አሠራር ስመርጥ ጉድለቱንም አውቄ ነው። ወርቁ የድንጋዩን ዳር ስለሚሸፍን ትንሽ አነስ ብሎ ሊታይ ይችላል ተብያለሁ። ድንጋያችን 0.30 ካራት ነው፣ ስፋቱ 4.3 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚያ ላይ ትንሽ ቢሸፈን እንደማይቆጨኝ ተናገርኩ። ሥሩ ቅባት ሊይዝ ይችላል ተባልኩ፤ አልማዝ ስብ ይስባልና። ለብ ባለ ውሃና ሳሙና፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጸዳዋለሁ አልኩ። ተጨማሪ ወርቅና ተጨማሪ የእጅ ሥራ ስለሚፈልግ ዋጋው ከፍ ይላልም ተባለ። እጮኛዬ ሳይከራከር ቀብዱን ከፈለ። የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ በሻጩ የእጅ ጽሑፍ «18 ካራት ቢጫ ወርቅ፣ ዙሪያው የታቀፈ፣ ዝቅ ያለ» ይላል።

ቀለበቱን የሰጣችሁን ዓርብ ማታ ነው። የቀለበት ፕሮግራማችን እሑድ ነበር። ሳጥኑን ስከፍተው ድንጋዩ 4 ቀጫጭን ጥፍሮች ላይ ቆሟል። የሌላ ሰው ቀለበት የተሰጠን መሰለኝ። ሻጩ ግን «አንጥረኛው ነው እንዲህ ይሻላል ያለው። ድንጋይሽ ትንሽ ስለሆነች ከፍ ስትል ጎላ ትላለች። ሙሽሮች ሁሉ የሚወስዱት ይሄን ነው» አለኝ። ታዲያ እኔን ማን ጠየቀኝ? ስልኬ እናንተ ጋ ነበር። አንድ ጊዜ መደወል ይበቃ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተነግሯቸዋል። ዘመድ ከደብረ ብርሃን ገብቷል። እናቴ ጠላዋን ጠምቃ ጨርሳለች። በዚያ ሰዓት ምን ላድርግ? ቀሪው ክፍያ ተፈጸመ፣ ቀለበቱን ይዘን ወጣን። የተቀበልኩት ሻጩ «ፕሮግራሙ ይለፍና አምጪው፣ እናስተካክለዋለን» ስላለኝ ጭምር ነው። ይህን ያለኝ እጮኛዬ ባለበት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አመጣሁት። አንጥረኛው የለም ተባልኩ።

ኅዳር 15 ቀን የፈራሁት ደረሰ። ለጥር ሠርግ የታዘዘ ቀሚስ እየጨረስኩ ነበር። ጨርቁን የስፌት መኪናው ሥር ሳዞረው አንዱ ጥፍር ፈትሉን ያዘ። ሳላውቀው እጄን ሳብኩ። ክሩ ከወገቡ እስከ ብብቱ ተሳበ። ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ በመርፌ መለስኩት። የድካሜን ዋጋ አልጠይቃችሁም። ግን የተጎዳው ቀሚሱ ብቻ አይደለም። ጥፍሩም ቀና ብሏል። ቀለበቱን ጆሮዬ ጋ አድርጌ ሳነቃንቀው ድንጋዩ ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ከ6 ጥፍር አንዱ ቢለቅ 5 ይቀራል። እኔ የቀረኝ 3 ብቻ ነው።

ይዤው ስመጣ «ተጠንቅቀሽ አልያዝሽውም» ተባልኩ። ለጥገናም ክፍያ ተጠየቅኩ። አንድ ሠራተኛ ደግሞ «አልማዝ አይሰበርም፣ አትጨነቂ» አለኝ። ይህ ትክክል አይደለም። አልማዝ ሞስ በሚባለው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 10 ነው ሲባል በሌላ ማዕድን አይጫርም ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ክፉኛ ከተመታ ግን ይሸረፋል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የስፌት መኪናዬ ብረት ነው፤ እጄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጋጨው አልቆጥርም። ድንጋዩ እንዳዘዝኩት ታቅፎ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚመታው ወርቁ ነበር። ደንበኛ የሚሠራበትን እጅ የሚያውቀው ራሱ ነው። ነግሬያችኋለሁ፣ ጽፋችሁታል፣ ከዚያ በኋላ ቀይራችሁታል። ዋናው ቅሬታዬ ይሄ ነው።

ሌላም አለ። ቀለበቱን ሌላ አንጥረኛ ጋ ወስጄ በአጉሊ መነጽር አሳየሁት። ጥፍሩ ድንጋዩን የያዘበት ቦታ በጣም ስስ ነው፣ ሳይሠራ እንዳታደርጊው አለኝ። ሚዛን ላይም አወጣው፤ 3.7 ግራም። የእናንተ ደረሰኝ ግን 4.6 ግራም ወርቅ ይላል። ለድንጋይ አንድ ካራት 0.2 ግራም ስለሆነ የኔ ድንጋይ 0.06 ግራም ብቻ ነው። እሱ ሲቀነስ ወርቁ 3.64 ግራም ይሆናል። ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ወርቅ ጎድሏል ማለት ነው። ሆን ተብሎ ነው አልልም። ደረሰኙ የተቆረጠው ሥራው ከመቀየሩ በፊት በታሰበው ክብደት ሊሆን ይችላል። ግን የወርቅን ዋጋ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሂሳቡ ይታይልኝ። በወርቁ ጥራት ቅሬታ የለኝም። ውስጡ ላይ 750 የሚል ማኅተም አለው፣ አንጥረኛውም 18 ካራት መሆኑን አረጋግጦልኛል።

ስለዚህ ቀለበቱ ባዘዝኩት መልክ፣ ዙሪያው ታቅፎና ዝቅ ብሎ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ይሠራልኝ። የጎደለው ወርቅ እዚያው ላይ ይግባ፤ የሚተርፍ ካለ ገንዘቡ ይመለስ። ድንጋዩ ከመነቀሉ በፊት እኔ ባለሁበት ይለካ። ጠርዙ ይታይ፣ ተሸርፎ ከሆነም በጽሑፍ ይያዝ። ሲመለስም ያው ድንጋይ መሆኑን አብረን እናያለን። ይህን ስጠይቅ ቅር አይበላችሁ፤ አንድ ጊዜ እምነቴ ተነክቷል።

ሠርጋችን ጥር 16 ቀን ነው። ቀለበቱ ከታኅሣሥ 30 በፊት እንዲደርስልኝ እፈልጋለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ሙሉ ገንዘባችን ይመለስልን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ይህን ደብዳቤና አባሪዎቹን ይዤ ወደ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ባልሄድ ደስ ይለኛል። በሠርጌ ዋዜማ ክስ ይዤ መዞር አልፈልግም።

ጊዜዬንም አስቡልኝ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ሰው ሁሉ ቀሚሱን የሚያሰፋው አሁን ነው። ከኮዬ ፈጬ እናንተ ጋ ሁለት ታክሲ ነው፤ በመጣሁ ቁጥር ግማሽ ቀን ሱቄ ይዘጋል።

ቀለበቱ አሁን በጥጥ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ነው። እጮኛዬ ለዚህ ቀለበት ሁለት ዓመት አጠራቅሟል። ጣቴን ባዶ ሲያየው ምንም አይለኝም፤ ግን ፊቱ ላይ አየዋለሁ። ማድረግ እፈልጋለሁ። ቀን ስሠራም፣ ማታ ወደ ቤት ስሄድም ከጣቴ ሳላወልቀው።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድንጋዩን ለማስለካት መምጣት እችላለሁ። የቱ ቀን እንደሚመቻችሁ ደውሉልኝ። ስልኬ የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የትዕዛዝ ወረቀቱ ቅጂ፣ የደረሰኙ ቅጂ፣ ቀለበቱ ሚዛን ላይ ሳለ የተነሳ ፎቶ