አንዱ ሣጥን ስንት ሆነ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ስልክ ላይ ያልጨረሰችው ወሬ ስላለ ለብቻዋ ትጽፍልሻለች።

የላክሽልኝን ዝርዝር ደጋግሜ አየሁት። ሸክላ ማጫወቻ፣ ፎኖ ፕሪአምፕ፣ አምፕሊፋየር፣ ዳክ፣ ሁለት ስፒከር፣ አንድ ሰብዉፈር። ከታች ደግሞ «አባዬ፣ ሙዚቃ ለመስማት ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምንድነው? አንዳንዱ ማጭበርበር አይደለም?» ብለሻል። አንዳንዱማ ነው። ግን የቱ እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱ ዕቃ ከማን ጋር ተጣልቶ ከቤት እንደወጣ መስማት አለብሽ።

እኔ ልጅ ሳለሁ ቤታችን የነበረው ራዲዮግራም ነው። ትልቅ የእንጨት ሣጥን። ክዳኑን ስታነሺ ሸክላ ማጫወቻው አለ። ከጎኑ ሬዲዮ፣ ውስጡ ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር፣ ከፊት በጨርቅ የተሸፈነ ስፒከር። አንድ ገመድ ትሰኪያለሽ፣ አለቀ። አያትሽ ግን ድምፁን እንደልባቸው ከፍ ማድረግ አይችሉም ነበር። ትንሽ ሲጨምሩት ሣጥኑ በሙሉ ማጉረምረም ይጀምራል። ቶሎ ካልቀነሱት ጉርምርምታው ሙዚቃውን ይውጠዋል። ዕቃው የተበላሸ ይመስለን ነበር።

አልተበላሸም። የሸክላ መርፌ ሥራው ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ነው። ስፒከር ደግሞ ኤሌክትሪክን ወደ ንዝረት ይመልሳል። ሁለቱን አንድ እንጨት ላይ ስታስቀምጫቸው ስፒከሩ መርፌውን ያነቃንቀዋል። መርፌው ያንን እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ መልሶ ይልክለታል። ስፒከሩ ይብሳል፣ መርፌውም ይብሳል። ነገር የሚያመላልሱ ሁለት ሰዎችን ታውቂ የለ? እንደዚያ ነው። መፍትሔው አንዱን ከቤት ማስወጣት ነበር፤ የወጣው ስፒከሩ ነው። እዚህ ላይ ማጭበርበር የለም።

እርግጥ ከዚያ በፊትም አንድ መለያየት ነበር፤ ሰው ብዙም አያነሳውም። ኤዲሰን በ1877 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) የሠራው ፎኖግራፍ መቅጃም ማጫወቻም ነበር። በሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ ስስ የቆርቆሮ ወረቀት ላይ ድምፅሽን ትቀጃለሽ፣ በዚያው መሣሪያ መልሰሽ ትሰሚዋለሽ። አስር ዓመት ቆይቶ፣ በ1887፣ ኤሚል በርሊነር ግራሞፎንን አስመዘገበ። የሱ ጠፍጣፋ ዲስክ በብዛት ለማተም ይመቻል። ግን እቤት ያለው መሣሪያ ማጫወት ብቻ ሆነ። መቅዳት የባለሙያ ሥራ ሆኖ ቀረ፤ ሌላው ሰው አድማጭ ብቻ ሆነ። መቅዳት በሰፊው ወደየቤቱ የተመለሰው ፊሊፕስ በ1963 ካሴትን ሲያወጣ ነው። እኔ የዚያ ዘመን ልጅ ስለሆንኩ ለካሴት አዳላለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ወደ ሸክላው ልመለስ። የድሮዎቹ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት ነበሩ። ሸክላ የሚለው ስም እንዴት ይስማማቸዋል! ከእጅሽ ከወደቁ ስብርባሪ ነው የምትለቅሚው። አንዱ ገጽ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዝም። ኮሎምቢያ በ1948 ባለ 33⅓ ዙሩን አወጣ፤ አንዱ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ ያዘ። ይሄ የሆነው ዙሩ ስለቀነሰና መርፌው የሚሄድበት ቦይ ስለጠበበ ነው። ቦዩ ሲጠብ ቀጭን መርፌና ቀላል ክንድ አስፈለገ። ያኔ መርፌ እንኳ ለሁለት ተከፈለ፤ የ78ቱ ሌላ፣ የአዲሱ ሌላ።

አሁን ዝርዝርሽ ላይ ወዳለው ፎኖ ፕሪአምፕ እንምጣ። በዚህ ጉዳይ የራሴ ውርደት ስላለኝ ሳልነግርሽ አላልፍም።

ወጣት ሳለሁ ከብዙ ቁጠባ በኋላ አምፕሊፋየር ገዛሁ። ሸክላ ማጫወቻዬን ከኋላው ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ ላይ ሰካሁት። ድምፁ እንደ ትንኝ ሆነ። ቤዝ የሚባል ነገር የለም። መጨረሻ ድረስ ብከፍተውም ያው ትንኝ ነው። የሸጠልኝን ሰው በልቤ ስረግመው አደርኩ። በነጋታው ሁለቱንም ዕቃ ተሸክሜ ጠጋኝ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው መፍቻ እንኳ አላነሳም። ገመዱን ነቅሎ ከጎኑ «ፎኖ» የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰካው። ሙዚቃው ቤቱን ሞላው። ገንዘብ አልተቀበለኝም። የሳቀው ሳቅ በቂ ክፍያ ነበር መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌው የሚያወጣው ኤሌክትሪክ 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ግማሽ ሚሊቮልት እንኳ የማይሞሉም አሉ። ሲዲ ማጫወቻ ግን ወደ 2 ቮልት ይሰጣል። ልዩነቱ 400 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ላይ ያለው ድምፅ ሆን ተብሎ የተዛባ ነው። ወፍራሙ ድምፅ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩ እየተወዛወዘ የጎረቤቱን ቦታ ይበላል፤ ስለዚህ ሲቀረጽ ይቀንሱታል። ቀጭኑን ደግሞ የሸክላውን ሽሽታ እንዲያሸንፍ ከፍ ያደርጉታል። ስትሰሚ ይሄ ሁሉ ተገልብጦ መስተካከል አለበት። ድሮ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ቀመር ነበረው። በ1954 ነው የአሜሪካ የሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር አንድ የጋራ ቀመር ያወጣው። ፎኖ ፕሪአምፕ ያንን ቀመር የሚገለብጥና ደካማውን ምልክት የሚያጎላ ዕቃ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ትልቅ ትራንስፎርመር ራቅ ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ «እምምም» የሚለው ድምፅ ይቀንስለታል። ለብቻው መውጣቱ ያለምክንያት አይደለም።

ስፒከርም ውስጡ ተከፋፍሏል። ጆሯችን ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሴኮንድ ይህን ያህል ንዝረት ማለት ነው) ይሰማል ይባላል። የ20 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ አየር ላይ 17 ሜትር ያህል ይረዝማል። የ20,000ው 1.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ዕቃ ማውጣት በአንድ ጫማ ሩጫም ሠርግም እንደመሄድ ነው፤ ይቻላል፣ ግን አያምርም። ለወፍራሙ ዉፈር ተሠራ፣ ለቀጭኑ ትዊተር። (ትዊተር የሚለው ስም እዚህ በጣም ይቀድማል።) መሃል ቆሞ ድምፁን የሚያከፋፍለው ክሮስኦቨር ነው። ሰብዉፈር የመጣው የመጨረሻዎቹን ጥልቅ ድምፆች ይዞ ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ በደንብ ስለማይለይ አንድ ይበቃል፤ ጥግ ብታደርጊውም አያስታውቅም።

ባለ ሱቅ ዋት እየቆጠረ ሊያማልልሽ ይሞክራል። አትስሚው። ድምፅ ለጆሮሽ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማሽ ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ማደግ አለበት። ከ50 ዋት ወደ 60 መዝለል ምንም አይደለም።

ዳክ ጋ ስደርስ ነው የምጠራጠረው። ሲዲ በ1982 ሲመጣ ሙዚቃ ቁጥር ሆነ፤ በሴኮንድ 44,100 ልኬት። ያንን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመልሰው ዳክ ነው። መጀመሪያ ማጫወቻው ውስጥ ነበር። በኋላ አውጥተው ለብቻው ሣጥን ሰጡት። ያኔ እውነተኛ ጥቅም ነበረው ይሆናል። አሁን ግን ጥሩ ዳክ ከጥፍርሽ ያንሳል። አፕል በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውን ሲያነሳ ዳኩን የከተተው በዚያች ቀጭን ማገናኛ ገመድ ውስጥ ነው። ሰዎች ሳያውቁት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ይህን ስል የሚቆጡኝ ጓደኞች አሉኝ። ይቆጡ።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። የድሮው መከፋፈል በሥራ ነበር፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያጎላል፣ አንዱ ያሰማል። የአሁኑ በቦታና በሰዓት ሆነ። የመታጠቢያ ቤት ስፒከር አለ፣ ውሃ የማይገባው። የሩጫ ማዳመጫ፣ የአውሮፕላን ማዳመጫ፣ የእንቅልፍ ማዳመጫ። ቴሌቪዥን እየሳሳ ስፒከሩ ወደ ኋላ ሲገፋ፣ ሰዎቹ ምን እንዳሉ መስማት አቃተን፤ ሳውንድባር የሚባል ረጅም ስፒከር መጣ። ሥራው ግን ተመልሶ አንድ ሣጥን ገባ። እዚያ ገመድ አልባው ስፒከርሽ ውስጥ ዳኩም፣ አምፕሊፋየሩም፣ ሁሉን የምታስተካክል ትንሽ ኮምፒውተርም አለች። ያው ራዲዮግራም ነው በይው። ልዩነቱ፣ የአያትሽን ሣጥን በጠመንጃ መፍቻ እከፍተው ነበር። ይሄኛው ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ ባትሪው ሲደክም አብሮ ይጣላል።

በይ እንግዲህ ዝርዝርሽን ልቀንስልሽ። የመረጥሽው ሸክላ ማጫወቻ ከኋላው «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል ማብሪያ ካለው ፕሪአምፑ ውስጡ ነው፤ ሌላ አትግዢ። ዳኩን ሰርዢው። ሰብዉፈሩ ይቆይ፤ ክፍሉን ከለመድሽው በኋላ ከጎደለሽ ትጨምሪያለሽ። የተረፈውን ገንዘብ ስፒከር ላይ አውይው። ሸክላ ማጫወቻውን ስፒከሮቹ ባሉበት መደርደሪያ ላይ እንዳታስቀምጪ፤ የአያትሽ ሣጥን ይመለሳል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያቺ የድሮ ቴፔ ቆማለች። ሞተሯ ደህና ነው፤ የሚያሽከረክራት ላስቲክ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኗል። እዚያ የምትገዥበት ቦታ አዲስ ላስቲክ ካለ ጠይቂልኝ፤ ልኩን ለክቼ እልክልሻለሁ። የምፈልጋት ለአንድ ካሴት ነው። ሌላ ተቀድቶበት እንዳይጠፋብኝ ጀርባው ላይ ያለችውን ፕላስቲክ ሰብሬ ነበር። በኋላ ሌላ ልቀዳበት ብዬ ቀዳዳውን በወረቀት ደፈንኩት። አንቺ ያኔ ሦስት ዓመትሽ ነው። የማጫወቻውንና ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነሽ ኖሯል፤ ዘፈኑ መሃል ላይ ቋ ይልና «አባዬ፣ ይቺ ቀይዋ ምንድናት?» ትያለሽ። ቀጥሎ የኔ ሩጫ ይሰማል።

አባትሽ