የፖለቲካ ሳይንስ መግቢያ ነጥብ አስቀድሞ ይነገር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በደብረ ሲና የታሪክ መምህር እንደመሆኔ «ፖለቲካ ሳይንስ ለመግባት ስንት ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይቀርብልኛል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዩኒቨርሲቲ ያስገባ እንጂ ትምህርት ክፍሉን እንደማያረጋግጥ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በ2012 ዓ.ም. በተመለሰው የመጀመሪያ ዓመት መርሐ ግብር ሎጂክን፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ፣ እንዲሁም ብዙዎች «ተገላገልነው» የሚሉትን ሒሳብ ጭምር ተምሮ፣ በአማካይ ነጥቡና በምርጫው ቅደም ተከተል እንደሚመደብ አስረዳለሁ። የነጥቡ ወለል ግን በአመልካቾች ብዛትና በክፍሉ የቅበላ አቅም ስለሚወሰን ቁርጡን መናገር አልችልም።

አምና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የምርጫ ቅጹን በአንድ ከሰዓት ሞልቶ እንዲመልስ ተነገረው። «አልደርስበትም» ብሎ ፈርቶ ፖለቲካ ሳይንስን ሦስተኛ ላይ ጻፈ። ለካስ ነጥቡ ይበቃው ኖሯል፤ ሆኖም ቦታው አንደኛ ምርጫቸው ባደረጉት ተሞልቶ ስለነበር፣ ልቡ ባልፈቀደው ክፍል ተመደበ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተናም የሚፈተነው በዚያው ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ያለፈውን ዓመት የመጨረሻ ነጥብና የቦታ ብዛት፣ ቅጹ ከመታደሉ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለው በማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጥፉ ወጪው የአንድ ወረቀት ነው። ዝግጅት ክፍላችሁ የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች ጠይቆ ምላሻቸውን እንዲያስነብበን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ሲና፣ ሰሜን ሸዋ