ማረሻ ሠሪው መሬት አልነበረውም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከጎረቤቴ ተውሼ ስለሆነ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይዘገይብኛል። ደብዳቤዬም የዘገየው ለዚሁ ነው።

ብዕር ያስነሳኝ ሰሞኑን ስለ ቤተ እስራኤላውያን፣ ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ ማለት ነው፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ሁለት ሕዝብ ጎን ለጎን ያቆማሉ። ባንድ በኩል ከሶቪየት ኅብረት ወደ እስራኤል የገቡትን። በሌላ በኩል ከእኛ አገር፣ ይልቁንም ከጎንደርና ከዙሪያዋ የሄዱትን። በአንድ ዘመን አንድ አገር ገቡ፤ ሩሲያዎቹ ሐኪምና መሐንዲስ ሆኑ፤ የእኛዎቹ ጥበቃና ጽዳት ላይ ቀሩ ይላሉ። ከዚያ መንገዱን አሳጥረው «የሥራ ባህል ጉዳይ ነው» ብለው ይዘጉታል።

እዚህ ላይ ጋዜጣውን አስቀምጬ ቡናዬን ጠጣሁ። ጀበናው የወለቃ ነው፤ ከጎንደር ወጣ ብላ ያለች የቀድሞ የቤተ እስራኤል መንደር ናት።

በመጀመሪያ ሩሲያዎቹ እስራኤል ገብተው ሐኪም አልሆኑም። ሐኪም ሆነው ነው የገቡት። እ.ኤ.አ. ከ1989 በኋላ በነበሩት አሥራ ጥቂት ዓመታት ከሶቪየት ምድር ወደ አንድ ሚሊዮን ሰው መጣ። ብዙው ዲግሪውን በሻንጣው ይዞ ከአውሮፕላን የወረደ የከተማ ሰው ነበር። እንዲያም ሆኖ መሐንዲሱ መንገድ ጠርጓል፤ ሙዚቀኛው አደባባይ ላይ ባርኔጣ ዘርግቶ ቫዮሊን መትቷል። ለነሱም አልጋ በአልጋ አልነበረም።

የእኛዎቹስ? በ1977 ዓ.ም በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚሆኑት በሱዳን በኩል ወጡ። አውሮፕላኑ ጋ ለመድረስ በእግራቸው በረሃ አቋርጠዋል። በመንገድና በሱዳን መጠለያ የቀሩት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። በ1983 ዓ.ም ደግሞ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ግንቦት 16 እና 17፣ በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ተጫነ። አብዛኛው የገጠር ገበሬና ባለእጅ ነው። ዕብራይስጡ ይቅርና የአማርኛ ፊደል ያልቆጠረው ብዙ ነበር። ሻንጣ የሚባል ነገርም አልያዘ።

አንዱን ከመቶ ሜትሩ መስመር፣ ሌላውን ከጎርጎራ አስነስቶ ማን ቀድሞ ገባ ይባላል?

ከገቡም በኋላ አቀባበሉ አንድ አልነበረም። ለሩሲያዎቹ ገንዘብ ተሰጥቷቸው ቤት የሚከራዩበትን ራሳቸው እንዲመርጡ ሆነ። የእኛዎቹ በመቀበያ ማዕከላት ብዙ ጊዜ ቆዩ። ከዚያም ቤት ርካሽ፣ ትምህርት ቤቱም ደካማ በሆነባቸው ሰፈሮች ተከማቹ። በሃይማኖት ጉዳይ ደግሞ አይሁድነታቸው እንዲረጋገጥ ውኃ ውስጥ ጥለቁ ተባሉ። እዚህ አገር «አይሁድ ናችሁ» ተብለው ሲገፉ የኖሩ ሰዎች እኮ ናቸው! እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር ሲታወቅ ምን ያህል እንደተቆጡ ታስታውሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2019ም ወጣቶቹ አደባባይ የወጡት በፖሊስ ዱላና ጥይት ተማርረው ነው። ይህን ሁሉ ትቶ «ባህል» ማለት ለእኔ ሰነፍ ትንታኔ ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ላንሳ። ስሙን አልጠራም። ሁልጊዜ የኋላ ወንበር ላይ ለብቻው ይቀመጥ ነበር። ለብቻው የተቀመጠው ወዶ እንዳልሆነ ያኔ ማስተዋል ነበረብኝ፤ አላስተዋልኩም። አንድ ሰኞ ቀረ። ማክሰኞም አልመጣም። ቤተሰቡ በሌሊት ወደ ሱዳን መውጣቱን የሰማነው ቆይተን ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ጎንደርን ሊያይ መጥቶ ፒያሳ ቁጭ ብለን ተጫወትን። እናቱ እስራኤል እንደደረሱ መዝጋቢው ሙያቸውን ጠየቃቸው አለኝ። ሸክላ እሠራለሁ ብለው በእጃቸው አሳዩት። ሰውየው «ሙያ የላትም» ብሎ ጻፈ። አርባ ዓመት አፈር መርጠው፣ አቡክተው፣ እሳት ለክተው የኖሩ ሴት ናቸው። ተማሪዬ ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ግን አዘጋጅ ሆይ፣ እስራኤልን መውቀስ ለእኛ ይቀለናል። የነገሩ ሥር ያለው እዚሁ ነው።

የጎንደር ገበሬ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላል። በእናትም በአባትም ተቆጥሮ አገሩን መጀመሪያ ካቀኑት አያት የሚወለድ ሁሉ ድርሻዬን ብሎ መሟገት ይችል ነበር። ቤተ እስራኤል ግን ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነበር። በትውፊት የሚነገረው በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ማለትም በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ተብሎ ታወጀ ነው። ዛሬ እነሱ የሚጠሉት «ፈላሻ» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ነው ይባላል። አገር አልባ ማለት ነው። እንግዲህ ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ከሆነ፣ ከባለቤትነት ለተፋቀው በስንት ዓመቱ ነው?

ስለዚህ የሰው መሬት በእኩል ወይም በሲሶ አረሱ። የቀረውን በእጃቸው ሞሉት። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ ሠራች። ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም ከቆረቆሩ በኋላ ግንብ ገንቢና አናጢ ሆነው ለነገሥታቱ ሠርተዋል። በዚያ ዘመን ማዕረግም መሬትም ያገኙ ነበሩ። ነገሥታቱ ሲደክሙና ዘመነ መሳፍንት ሲገባ ግንብ የሚያሠራ ጠፋ፤ የተገኘውም ተመልሶ ሄደ። ዛሬ ቱሪስት ግንቡን ሲያይ የፖርቱጋሎች ነው የሚል አስጎብኚ አይጠፋም። የወለቃ ሰው እጅ አለበት የሚለው ግን ስንቱ ነው?

ባላገሩ ማረሻውን የሚያሠራው ከቤተ እስራኤል ነበር። ያለ ማረሻ መሬት ምን ያደርጋል? ማረሻውን የሚሠራው ግን መሬት አልነበረውም። መሬት ላለው ደግሞ ብረት መቀጥቀጥ ነውር ነበር። ይባስ ብሎ ያ ሙያ ስም ወጣለት፤ ቡዳ። ቀን ቀጥቃጭ፣ ሌሊት ጅብ። በሽታ በመጣ ቁጥር፣ ላም በነጠፈች ቁጥር የሚጠረጠር ሰው ሀብት ሊያከማች አይችልም። ቢያከማችም ያንኑ ሀብቱን ያመኻኙበታል።

አያቴ ምጣድ ስትገዛ አስታውሳለሁ። ሻጯ ከደጅ አታልፍም። አያቴ ሳንቲሙን ውኃ ያለበት ቅል ውስጥ ትጥለዋለች፤ ሴትዮዋ ከውኃው ታወጣዋለች። ልጅ ሆኜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር እነሱም እኛን መንካት አይፈልጉም ነበር፤ ከእኛ ጋር ከተነካኩ መታጠብ ነበረባቸው። «አትንኩኝ» የምንላቸውም ለዚያ ነው። ግን አጥሩን ሁለቱም ወገን ቢያጥረውም መሬቱ ያለው በአንደኛው ወገን ብቻ ነበር።

ደግሞ ሌላ ነገር። የከተማችን ትልቁ ገበያ ስሙ ራሱ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሰንበትን እንደ ቤተ እስራኤል አጥብቆ የሚያከብር ደግሞ አልነበረም። ቅዳሜ እሳት አያነዱም፣ አይሸጡም፣ መንገድ አይሄዱም። አገሬው ሁሉ በሚወጣበት ቀን ሸክላቸው ቤት ይውላል። ይህን ለተማሪዎቼ ስናገር አንዱ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ቲቸር፣ ገበያውን ወደ ማክሰኞ ማዛወር ነዋ» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ለካ ለሦስት መቶ ዓመት ማንም አላሰበውም።

ጸሐፊው ማነጻጸር ከወደዱ አንድ ጥሩ ንጽጽር ከጎንደር ልስጣቸው። የጎንደር እስላምም ርስት አልነበረውም። «እስላም አገር የለው፣ ሰማይ ምሰሶ የለው» የሚል ክፉ ተረት ነበረን። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይኑር ብሎ ወሰነ። የእስላሙ ሰፈር፣ የዛሬው አዲስ ዓለም፣ ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። ሁለቱም ማኅበረሰብ መሬት ተከለከለ፤ ሁለቱም ተገለለ። ሆኖም እስላሙ ውስጥ ሀብታም ነጋዴ ወጣ። ከቤተ እስራኤል ለምን አልወጣም?

መልሱ ደም ውስጥ የለም። ክርስቲያኑ ባላገር ንግድን ስለናቀ መንገዱ ለእስላሙ ተለቀቀለት። ወደ ምጽዋም ወደ መተማም ሲወርድ በየማረፊያው የሃይማኖት ወንድም ያገኛል፤ አደራ የሚጥልበት፣ ብድር የሚጠይቀው። ሀብቱ በበቅሎ ጀርባ ላይ ነው። ቢያባርሩት ጭኖ ይሄዳል። ነጋድራስ እስከመሆንና ቀረጥ እስከመሰብሰብም የደረሰ ነበር። ቤተ እስራኤል ባሕር ማዶ ወንድም እንዳለው እንኳ ለብዙ ዘመን አያውቅም። የሚሸጠው ሸክላ ነው፤ መንገድ ላይ ይሰበራል፤ የሚገዛውም ድሃ ነው፤ የሚከፈለውም እህል ነው። በዚያ ላይ ነጋዴው «እስላም» ተባለ እንጂ ጅብ ይሆናል አልተባለም። አዲስ ዓለም ውስጥ ነጋዴው ብቻ ነበር እንዳይመስላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ሸማ የሚሠራ ምስኪንም ሞልቶ ነበር። ስለ አንድ ሕዝብ በጅምላ ማውራት እዚህም ያስታል።

ባለርስቱ ክርስቲያንስ? አብዛኛው ድሃ ነበር። ግብር፣ ድግስ፣ ወታደር ማሳደር፣ የተሸረሸረ ማሳ። ከቤተ እስራኤል ጎረቤቱ የበለጠ ጠግቦ ያድር ነበር ማለት አልችልም። ግን ዳኛ ፊት ቆሞ «ርስቴ ነው» ማለት ይችላል። ልጁን ሲድር የሚቆጥረው አለው። ከመሬቱ ውጣ የሚለው ሰው ቢመጣ ዘመዱ ሁሉ ይነሣል። በገቢ ሰንጠረዥ ላይ ይህ አይታይም።

በሩ ሲከፈት ምን እንደሆነም እናውቃለን። በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንድ አውሮፓዊ ምሁር፣ ዣክ ፋይትሎቪች፣ ጥቂት ልጆችን ወስዶ አስተማረ። አቶ ታምራት አማኑኤል ፓሪስና ፍሎረንስ ተምረው መጥተው አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤልን ትምህርት ቤት መሩ። አቶ ዮና ቦጋለ የተወለዱት እዚሁ ወለቃ ነው፤ አውሮፓ ተምረው ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሰው ሆኑ። የካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ቤተ እስራኤል በሕግ የራሱ ማሳ ኖረው። ባለርስቱ ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ያ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ከመሬቱ ጋር የኖሩት አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ስደቱ ተጀመረ። በዘመቻ ሙሴ በሦስት ዓመታቸው ከጎንደር አካባቢ የወጡት ወይዘሮ ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ ሚኒስትር ሆነዋል። እዚያ የተወለዱት ልጆች በትምህርት ከወላጆቻቸው በጣም ርቀዋል። በደመወዝ ግን ገና ይቀራቸዋል። ጸሐፊው ባህል የሚሉት ነገር በአንድ ትውልድ እንዲህ የሚለወጥ ከሆነ መጀመሪያውኑ ባህል አልነበረም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሁለት ሕዝብ የሚያነጻጽር ጽሑፍ ስታወጡ ገቢውንና ዲግሪውን ከመደርደራችሁ በፊት «ከየት ተነሡ፣ ምን ተከለከሉ» የምትል አንቀጽ ትግባበት። በየፌስቡኩ ብሔር ከብሔር እየተለካ «እነሱ ሰነፍ፣ እኛ ጎበዝ» በሚባልበት በዚህ ጊዜ ጋዜጣ የዚያ ተከታይ ባይሆን ደስ ይለኛል።

ጸሐፊው ወደ ጎንደር ብቅ ካሉ እኔ ራሴ ወለቃ እወስዳቸዋለሁ። ከፒያሳ በባጃጅ ሩቅ አይደለም፤ የደባርቅ መንገድ ዳር ነው። ቤተ እስራኤሎቹ ሄደዋል። መንገድ ዳር ተቀምጠው የሸክላ አንበሳና ትንንሽ ምስል የሚሸጡት አሁን በአብዛኛው የክርስቲያን ልጆች ናቸው፤ ሙያውን ከጎረቤት የተማሩ። ቡዳ የሚላቸው የለም። በማንኛውም ቀን መምጣት ይችላሉ። ቅዳሜም ይሸጣሉ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የታሪክ መምህር፣ ጎንደር