ረጪውን ሳትጠይቁ ስለ ርጭቱ ጻፋችሁ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ወባ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ እጅግ ተናድጃለሁ። ዘጋቢያችሁ ቤታቸው በተረጨ ማግስት በትንኝ የተነከሱ ሰዎችን አነጋግሮ፣ የቤት ውስጥ ርጭት ከወባ አያድንም ብሎ ደመደመ። ከጎኑ ያተማችሁት ፎቶግራፍ ፍሊት የያዘ እጅ ያሳያል፤ ከሥሩም ማታ ማታ ፍሊት መንፋት እንደሚሻል ተጽፏል። እኔ ለዓመታት የርጭት መሣሪያ በትከሻዬ ተሸክሜ የሰው ግድግዳ ስረጭ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ረጅም ዘገባ ውስጥ ከእኛ ከረጪዎቹ አንድ ሰው እንኳ አልተጠየቀም።

ፍሊት በዚያች ሰዓት በክፍሉ ውስጥ የምትበረውን ትንኝ ይገድላል። ከበነነ በኋላ እኩለ ሌሊት ላይ በመስኮት የምትገባውን ግን አያገኛትም፤ የወባ ትንኝ ደግሞ ከምሽት እስከ ንጋት ድረስ ትናከሳለች። እኛ የምንረጨው አየሩን ሳይሆን ግድግዳውን ነው። የመርጫውን ጫፍ ከግድግዳው 45 ሳንቲ ሜትር አርቀን፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እኩል እናዳርሳለን። ኬሚካሉ ደርቆ እንደየዓይነቱ ለወራት ይቆያል።

ዘገባችሁ ከሁሉ በላይ የሳተው ግን ንክሻውን ነው። የግድግዳ ርጭት በዋናነት ንክሻን ለማስቀረት የታሰበ አይደለም። ትንኟ ደም ጠጥታ ስትከብድ፣ ደሙ እስኪፈጭላት አቅራቢያዋ ያገኘችው ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ኬሚካሉ የሚያገኛት ያኔ ነው። ከታመመ ሰው የወሰደችው ጥገኛ ተሐዋሲ በሰውነቷ ውስጥ አድጎ ለሌላ ሰው እስኪተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ከሞተች ወባውን ለማንም አታስተላልፍም። ስለዚህ በተረጨ ቤት ተነከስኩ ያለው ሰው እውነቱን ነው፤ ቃሉ ግን ርጭቱ ከንቱ ነው ለማለት ማስረጃ አይሆንም። ደግሞስ የነከሰችው የወባ ትንኝ መሆኗን ማን አጣራ? ወባ የማታስተላልፈው ኩሌክስ የምትባል ሌላ ዓይነት ትንኝም በሌሊት ትናከሳለች።

የተረጨ ግድግዳ ከባለቤቱ ይልቅ ጎረቤቱን ይጠብቃል ማለት ይቻላል። ከአካባቢው ቤቶች ቢያንስ 80 በመቶው እንዲረጩ የሚፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። ዘገባው ከወጣ ወዲህ ጋዜጣችሁን እያሳዩ በር የዘጉብን ሰዎች አሉ። በጭምብልና በቱታ ላብ እያጠመቀን፣ ዕቃችሁን አውጡልን፣ ግድግዳውን ቶሎ ቀለም አትቀቡብን እያልን ስንለምን እንውላለን። ሌባ ተብለን ተጠርጥረን ችለናል። ድካማችን ዋጋ የለውም ተብሎ በጋዜጣ ሲታተም ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ርጭት እንከን የለውም አልልም። መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ ዘጋቢያችሁ አልነካውም፤ እሱም የትኛው ኬሚካል የትኛዋን ትንኝ ይገድላል የሚለው ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ዲዲቲን ትታ ወደ ፓይሬትሮይድ ኬሚካሎች ስትዞር፣ እነዚህን የተቋቋመችው አኖፌሊስ ፉነስተስ የምትባል የወባ ትንኝ ክዋዙሉ ናታል ወደተባለው የአገሪቱ ክፍል ተመልሳ ገባች፤ ወባውም ተባባሰ። በ2000 ዲዲቲ ሲመለስ፣ በተከታዩ ዓመትም ለታማሚዎች የሚሰጥ አዲስ መድኃኒት ሲጨመር፣ በሽታው በእጅጉ ቀነሰ። በብዙ የፍሊት ቆርቆሮዎች ውስጥ ያለው ደግሞ ይኸው ፓይሬትሮይድ ነው! ከቤት ውጭ የምትናከሰውና ከቤት ውጭ የምታርፈው ትንኝም ለግድግዳ ርጭት አትመችም። ይህን ብትጽፉ ኖሮ እኔ ራሴ ቆርጬ ለሥራ ባልደረቦቼ አነብላቸው ነበር።

ያንን ምክር አምኖ አጎበሩን አጣጥፎ ፍሊት ነፍቶ የተኛ ቤተሰብ ያሳስበኛል። ማስተካከያውን ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡት። ከማውጣታችሁም በፊት አንድ ረጪ አነጋግሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፀረ ወባ ኬሚካል ረጪ