ሻሸመኔ ላይ ቢመሽብሽ

ልጄ፣

ይህን ወረቀት የምታገኚው ከዳቦ ቆሎው ፌስታል ሥር ነው። በቴሌግራም ልጽፍልሽ ነበር። ግን ቴሌግራም ላይ የጻፍኩልሽን ሁሉ "እሺ አባዬ" ብለሽ ታልፊዋለሽ። ሞጆ ሳትደርሺ አንብቢውና ለሁለት አጥፈሽ ከመታወቂያሽ ጋር አስቀምጪው።

ያን ሌሊት ሻሸመኔ ላይ የሆነውን ሰምቻለሁ። እናትሽ አይደለችም የነገረችኝ፤ እሷ እስካሁንም አታውቅም። የዶርም ጓደኛሽ እናት ገበያ ውስጥ አግኝታኝ "ልጅህ ግን ጎበዝ ናት፣ ያን ሌሊት እንዴት ነጋላት!" አለችኝ። የማውቅ መስሏት ነው። የያዝኩትን ሽንኩርት ሳላስመዝን አስቀምጬ ወጣሁ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ተሳፈርሽ። አርሲ ነገሌ ሳትደርሱ ጎማ ፈነዳ። ሻሸመኔ ስትገቡ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሆኗል። ወደ ሶዶ፣ ከዚያም ወደ አርባ ምንጭ የሚወስድሽ መኪና የለም። አንድ ሰው መጣና "አልጋ ላሳይሽ፣ ተማሪዎች ሁሉ እዚያ ነው የሚያድሩት" አለሽ። ሻንጣሽን አነሳልሽ፤ ተከተልሽው። ክፍሉ ከውስጥ አይቆለፍም። አልጋውን ገፍተሽ በሩ ላይ አስደግፈሽ፣ እስኪነጋ ቁጭ ብለሽ አደርሽ። ለእኛ ግን በማግስቱ "በሰላም ገብቻለሁ" ብለሽ ደወልሽ።

አልቆጣሽም። የምቆጣውን ያህል ለብቻዬ ተቆጥቼ ጨርሻለሁ። ግን አንድ ነገር እነግርሻለሁ፣ ደጋግሜም እነግርሻለሁ። መጥቶ የጠየቀሽን ሰው አትከተዪ። እርዳታ ካስፈለገሽ አንቺ ሂጂና አንቺ የመረጥሽውን ሰው ጠይቂ።

እንደምታውቂው 6 ዓመት ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። የመኪና በር ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ብዙ ነገር ያያል። ብቻውን የወረደ መንገደኛ ከሩቅ ያስታውቃል። ሻንጣውን መሬት ያስቀምጣል፣ ቀና ብሎ ግራ ቀኝ ያያል፣ ስልኩን ያወጣል፣ መልሶ ይከታል፣ እንደገና ያወጣል። አንቺ ገና እግርሽን ከደረጃው ሳታወርጂ ያየሽ አለ። ወደ አንቺ ሲመጣ ማን እንደሆንሽ፣ ማን እንደሌለሽ ገምቶ ጨርሷል። መናኸሪያ ውስጥ "ነይ" የሚል ሁሉ ክፉ ነው አልልሽም። ደላላም ተሸካሚም እንጀራውን ነው የሚፈልገው፤ ስንቱ ደግ ሰው አለ። ግን በዚያ ሰዓት ደጉን ከክፉ የምትለዪበት ጊዜ የለሽም። አንቺ ሄደሽ የምትጠይቂው ሰው ግን አንቺን ሲጠብቅ አልነበረም። ልዩነቱ እሱ ነው።

ማንን ልጠይቅ ካልሽኝ፣ መጀመሪያ ሻይ የምታፈላዋን ሴትዮ። ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ቦታ የምትገኝ ሰው ናት። ሻይ ግዢያት፣ አጠገቧ ተቀመጪ፣ "እናቴ፣ ወደ ሶዶ የሚሄደው መኪና በስንት ሰዓት ይጭናል?" በያት። እሷ ከሌለች ልጅ ያዘለች ወይም ከነቤተሰቧ የምትጓዝ ሴት ፈልጊ። እሷም ከሌለች የመናኸሪያውን ጥበቃ። በር ላይ ፖሊስ ካለ ፖሊሱን። የፖሊስ ስልክ 991 ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። አሁኑኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢያቸው፤ ሲጨንቅሽ ቁጥር አይታወስሽም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን እዚያ አለመምሸት ነው። ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ናዝሬት መናኸሪያ እኔ ራሴ የማደርስሽ ለዚህ ነው። "አባዬ፣ ትንሽ ልተኛ" ብትዪኝም እቀሰቅስሻለሁ። በጠዋት ከተነሳሽ ሻሸመኔ ከምሳ በፊት ትገቢያለሽ፤ ጎማ እንኳ ቢፈነዳ ቀኑ ያንቺ ነው። የሶዶውን መኪና በቀን ታገኚያለሽ። ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ካላገኘሽ ግን አትጠብቂ። ሐዋሳ ሂጂ፤ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የእናትሽ የአክስት ልጅ ቤት ታድሪያለሽ፤ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ ክፍሉንም አዘጋጅታለች። ከጨለመ ግን ወደ ሐዋሳም አትሂጂ። ያለሽበት እደሪ።

"ሌሊቱን እንበርራለን፣ ሳይነጋ አርባ ምንጭ ትገቢያለሽ" የሚል አባዱላም ይመጣል። እንዳትሳፈሪ። ከመናኸሪያ ውጭ በሌሊት የሚጭን ሾፌር እንቅልፉን በጫት ነው የሚያባርረው። በረዳትነቴ ዘመን ያየኋቸውን መኪኖች አልነግርሽም። እሱም መጥቶ የጠየቀሽ ሰው ነው።

አሁን አክስትሽን ላንሳ። ትንሽ ልጅ ሆና አዲስ አበባ ጠፍታ እንደነበር ታውቂያለሽ። እንዴት እንደጠፋች ግን እውነቱን ነግሬሽ አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

1985 ነው። የእናታችን ተዝካር በወጣ በሳምንቱ ከደሴ ተነሳን። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ወደሚሠራው አጎታችን ነበር የምንሄደው። እሷ 12 ዓመቷ ነው፣ እኔ 20 አልሞላኝም። ጣርማ በር ላይ ጉም ይዞን መኪናው በእግር እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚሄደው። መርካቶ አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። የናዝሬት መኪና ጠዋት ነው። በሩ አጠገብ አንድ ድንጋይ ነበር። ጆንያችንን እዚያ አስደግፌ፣ እሷን ድንጋዩ ላይ አስቀምጬ "እዚህ ጠብቂኝ፣ አልጋ ይዤ መጣሁ" አልኳት። የእናታችንን ነጠላ ተከናንባ ነበር። ጫፉን በጥርሷ ይዛ ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ሁሌም የምናገረው አልጋ አጥቼ እንደዘገየሁ ነው። አጎቴም ይህን አምኖ ሞተ። አክስትሽም የምታውቀው ይህንኑ ነው። አልጋ ግን በ10 ደቂቃ ውስጥ አግኝቻለሁ። ተመልሼ ስወጣ አንድ የደሴ ልጅ፣ የሰፈሬ ልጅ አገኘሁ። "ቢራ ልጋብዝህ" አለኝ። ቢራ ጠጥቼ አላውቅም ነበር። ስለ አዲስ አበባ ያወራልኛል፣ እኔ እሰማለሁ። ሁለተኛ አዘዘልኝ። ስነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኗል።

ድንጋዩ ላይ ሊስትሮ ልጅ ተቀምጦ ጆንያችንን ይጠብቃል። "እህትህን ሴትዮዋ ወሰደቻት" አለኝ። አንዲት ሴት መጥታ "ወንድምሽ አልጋ አግኝቷል፣ ነይ ብሎ ልኮኛል" አለቻት። ተነስታ ሄደች። የኔን ስም ሰምታ ነው የሄደችው።

በዚያ ዘመን ከገጠር የመጡ ልጆችን ለቤት ሠራተኝነት ከአውቶቡስ ተራ የሚለቅሙ ደላሎች ነበሩ። አንድ ዓመት ከአራት ወር አንድ ግቢ ውስጥ ሠራች፤ ሳንቲም ሳይከፍሏት። እኔ ረዳት የሆንኩት ለደመወዙ አልነበረም። አውቶቡስ ተራን በየቀኑ እንድረግጠው ነው። አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ሲልኳት እህሉን እዚያው ትታ፣ ሰው እየጠየቀች አውቶቡስ ተራ ድረስ በእግሯ ሄደች። ያው በር፣ ያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ቀን። ታሪካችንን የሚያውቅ ሌላ ረዳት አይቷት ኖሮ ሮጦ መጥቶ ጠራኝ። ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና "ቆየህብኝ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ 30 ዓመት አልፎታል። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። አሁንም ግን አብረን ስንወጣ "አንዴ መጣሁ" ካልኳት እጄን ይዛ አትለቀኝም። አንቺ ልጅ ሆነሽ "አክስቴ ለምን ትፈራለች?" ብለሽ ስትጠይቂኝ "መኪና ነው የምትፈራው" ብዬሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ "አባትሽ ልኮኝ ነው" የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ ወይም በማታውቂው ቁጥር ቢደውል፣ የአያትሽን ላም ስም ጠይቂው። የቱን ላም እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ስሟን ያላለ ሰው እኔ አልላክሁትም። ስምሽን ቢያውቅም፣ ሰፈራችንን ቢያውቅም፣ የኔን ስም ከነአባቴ ቢጠራም አልላክሁትም። መጥቶ የጠየቀሽን አትከተዪ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ መሽቶብሽ ብትወርጂ፣ ከመኪናው ሳትወርጂ ደውዪልኝ። ስንት ሰዓትም ቢሆን። ሌሊት ከእንቅልፌ መቀስቀስ ነውር አይደለም። ረዳቱን "አንዴ ልደውል" በይው፤ ይጠብቅሻል። የመኪናውን ታርጋ ስትሳፈሪ ጽፈሽ ላኪልኝ። መኪና ሲነሳ እንቅልፍ የሚወስድሽ ነገር ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ነው፤ ስታለቅሺ ባጃጅ ውስጥ ይዤሽ እዞር ነበር። ዝዋይ ድረስ ተኚ። ከዚያ ወዲያ ግን አትተኚ። ነቅተሽ ውረጂ።

መናኸሪያው ተዘግቶ ከሆነ አጥሩ ሥር አትቀመጪ። መብራት ያለበት፣ ሰው የሚወጣ የሚገባበት ሆቴል ራስሽ መርጠሽ ግቢ። እንግዳ መቀበያው ላይ መታወቂያ ካልጠየቁሽ ውጪ። መታወቂያሽን የሚመዘግብ ቤት ማን እንደገባ ማን እንደወጣ ይታወቅበታል። ብር ከመክፈልሽ በፊት በሩን ከውስጥ ቆልፈሽ ሞክሪው። ያን ሌሊት ይህን ብታደርጊ ኖሮ! የክፍሉን ቁጥር ሰው ፊት ጮክ ብለሽ አትጥሪ። እኔ ጋ ግን ላኪልኝ።

አልጋ ከጠፋ ከሻይዋ ሴትዮ ጋር ቁጭ በይ። ጀርባሽን ለግድግዳ ስጪ። የሻንጣውን ማንጠልጠያ በእግርሽ አስገቢው። በአንድ ጆሮሽም ቢሆን ኢርፎን አታድርጊ። ሽንት ቤት መሄድ ከፈለግሽ ሴት ይዘሽ ሂጂ። ስልክሽን በቪዲዮ አትጨርሺው፤ ፓወር ባንኩን ሞልቼዋለሁ፣ በጎን ኪስ ነው። ለአልጋ 1000 ብር በካልሲሽ ውስጥ ያዢ፤ ሌላው ቴሌብር ላይ ይሁን፣ ሰው እያየሽ አትክፈቺው። ሲነጋ የሶዶውን ትኬት ከመስኮቱ ቁረጪ። "ከኔ ጋር ነይ፣ ወንበር ይዤልሻለሁ" የሚልሽን እለፊው። እሱንም አልመረጥሽውም።

ያን ሌሊት አልጋውን ገፍተሽ በሩን መዝጋትሽን ስሰማ፣ እንባዬ መጣ። ማንም አላስተማረሽም። እኔ ነበርኩ ላስተምርሽ የሚገባኝ። ቁጣዬን ፈርተሽ እንደደበቅሽኝም አውቃለሁ። ከእንግዲህ አትደብቂኝ። "አባዬ፣ ተከትዬው ሄድኩ" ብትዪኝም እመጣለሁ እንጂ አልቆጣም። ሻሸመኔ ቢሆን ሻሸመኔ፣ ሶዶ ቢሆን ሶዶ። አልቆይብሽም።

ዳቦ ቆሎውን የሠራችው አክስትሽ ናት። ዛሬ ከወንጂ የመጣችው ልትሸኝሽ ነው፤ ይህን ስጽፍ እዚህ ጎኔ ሻንጣሽን ታስተካክላለች። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። የቢራውን ነገር ካንቺ በፊት ለእሷ መንገር ነበረብኝ። ነገ አንቺን ሸኝተን ስንመለስ እነግራታለሁ። እስከዚያ ብትደውዪላት እንዳታነሺባት።

ሶዶን ስታልፊ ደውዪ። ሁለታችንም ስልኩ አጠገብ ነን።

አባትሽ